የግንቡ ወታደር ማተብ

ማተቡን አጥፊ ይላሉ፣ ሌላውን ሁሉ ትተው እሱን፣ ስምንት መቶ ዓመት ወደ ኋላ እወስዳችኋለሁ በሚል ፊልም ውስጥ ሱልጣኑ ሰማያዊ ዓይን ያለው ፈረንጅ ነው፣ ፊቱን የጫማ ቀለም የመሰለ ነገር ለቅልቀውታል፣ ላቡ ሲወርድ ቀለሙም አብሮ ወርዶ አንገትጌውን አበላሽቶታል፣ እሱ ግን ስሕተት አይደለም፣ ክላሲክ ነው! የንጉሡ ገበታ ላይ ቲማቲም ተቆልሏል፣ በዚያ ዘመን ቲማቲም አውሮፓ የት ነበርና፣ እሱም ይለፍ። ሐሴት ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው ቢሮ ውስጥ ጥርሷን ነክሳ ዝርዝሩን እንደገና ታነባለች። ባለፊልሞቹ ባሕር ማዶ ናቸው፣ አሮጌ ፊልም የሚያጸዳ ርካሽ እጅ ያለው ናይሮቢ ነው። የሚጠፉ የታሪክ ስሕተቶች፣ የፈረሰኛው የእጅ ሰዓት፣ የመብራት ምሰሶው፣ ግንቡ ላይ የቆመው የአረብ ወታደር አንገት ላይ ያለ ጥቁር ክር። ክር! ማተብ ነው እንጂ፣ ዓይናችሁ ይጥፋ።

ከስድሳ ዓመት በፊት ምጽዋ አካባቢ ነው የቀረጹት አሉ፣ ሰውየውን ከአንዱ መንደር ጠርተው፣ ጥምጥም አስረውለት፣ ጦር አስይዘው፣ ስሙ የትም የለም። ልብሱን ቀየሩት፣ ማተቡን ግን አልፈታም። እሷ ትፍታለት እንግዲህ፣ በማውስ፣ ከጉንጩ ቆዳ እየቀዳች አንገቱ ላይ እየለጠፈች፣ እሱ ከሚታይባቸው ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ የፊልሙ ምስሎች መቶ አርባውን ጨርሳለች፣ ጎበዝ፣ የተባረከች ልጅ።

ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እናቷ ማርታ ጌታን በተቀበለች ሳምንት መቀስ ይዛ መጣች፣ ነይ የኔ ቆንጆ፣ ኢየሱስ ልብሽ ውስጥ ነው እንጂ አንገትሽ ላይ አይደለም፣ ቀጭ፣ ወደ ቆሻሻ። ሐሴት ዛሬም ጴንጤ ናት፣ እሑድ እሑድ እጇን አንሥታ ትዘምራለች፣ አልተጸጸተችም፣ ግን እንዴት አይጠይቋትም፣ ሰው አንገት ላይ ያለ ነገር እንደ ሸሚዝ ክር ይቆረጣል እንዴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼ ንዴት የት ተደብቆ ነበር?

መቶ አርባ አንደኛው። የጀግናው ሰይፍ ገና አልነካውም፣ ሰውየው ግን እግሩ አምልጦታል፣ ትወና አይደለም፣ የምሩን ነው የሚወድቀው፣ ጦሩን ይለቅና ማተቡን በጭብጡ ጨምድዶ ይይዛል።

ሐሴትዬ፣ አላለቀም እንዴ፣ ፋኢዛ ናት፣ አለቃዋ፣ ከኋላዋ ቆማ። ዛሬ ካልላክነው ቦስ የቋሚነት ወረቀትሽን አይፈርምም፣ ሳዋ፣ እሺ? ማተቡን ይዞታል እኮ ፋኢዛ፣ እጁን ምን ላድርገው? ምን ታደርጊዋለሽ፣ ተዪው፣ ጉሮሮውን ያነቀ ይመስላል። አይ ፋኢዛ፣ ክፉ እንኳን አይደለችም፣ እኛ ሙስሊሞቹ በየፊልማቸው እንደ ዝንብ ስንረግፍ ዝም ብዬ እሠራ የለ፣ ትላታለች፣ አንቺ በአንድ ክር ታለቅሻለሽ!

እያለቀሰች ነው ለካ። ለአምስት ወር የጠበቀችው ወረቀት፣ የቤት ኪራይ፣ የእናቷ መድኃኒት፣ ይሂድ፣ ሁሉም ገደል ይግባ፣ ጣቷ የመመለሻውን ቁልፍ ይጫናል፣ መልሰው፣ መልሰው፣ መቶ አርባው አንገት ላይ ማተቡ አንድ በአንድ ይመለሳል።

አብደሻል፣ ምን እያደረግሽ ነው፣ በፊልሙ እኮ ሰውየው ሙስሊም ነው!

ሲወድቅ ግን፣ ትላለች ሐሴት ዞር ሳትል፣ ሲወድቅ ግን ፊልም ላይ አልነበረም።