ቀይ የማያልፍ ሰው

«እሱ? እንኳን ቀዩን መብራት ቢጫውንም አያልፍ!» አለ ልብስ ሰፊው ጎረቤት፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ከጎኑ ተቀምጬ ስንት ቀን በንዴት ጨሻለሁ። መንገዱ ባዶ፣ ሰው የለ፣ መኪና የለ፤ እሱ ግን ቢጫ አየሁ ብሎ ቀጥ! ‹ኧረ ጋሽ ቀስበል፣ እንሂድ!› ስለው ‹የቸኮለ አፍሶ ለቀመ› ይለኛል።»

ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች አፋቸውን በመዳፋቸው እየከለሉ ሳቁ። በሐዘን ቤት የሚሳቀው እንዲያ ነው። ጋሽ ቀስበል በቁሙ ያስቃቸው ነበር፣ ሞቶም አልተዋቸውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አሮጌዋን ነጭ የዕቃ መኪናውን በእግረኛ ፍጥነት እየነዳ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ያገኘውን ሹፌር ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቀስ በል!» ይላል። ስሙም በዚያው ጸናበት።

ልጁ ግን አልሳቀችም። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ብርጭቆ ታደርቃለች። እሷንም ሰፈሩ በስሟ አይጠራትም፤ አለቃ ነው የሚላት። አባቷ ያወጣላት ነው። የደንበኞችን ስልክ ተቀብላ ሥራ የምታዘው እሷ ስለነበረች፣ በየጠዋቱ «እሺ አለቃዬ፣ ዛሬ ወዴት ነው የምትሰጂኝ?» ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የያዘችው ብርጭቆ ከደረቀ ቆይቷል፣ ፎጣው ግን አሁንም ይዞራል።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ እንገናኝ» አለ አጎቷ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ድምፁ ግን ገና ጡረታ አልወጣም። «የምታውቁትን ትመሰክራላችሁ። ያ የአሸዋ መኪና ሹፌር ‹አረንጓዴው የእኔ ነበር፣ ቀይ ጥሶ የገባብኝ እሱ ነው› ብሏል። እናንተ እያላችሁ የወንድሜ የመቃብር አፈር ሳይደርቅ ስሙ አይጠፋም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ማክሰኞ ጠዋት መስቀለኛው መንገድ ላይ የአሸዋው ገልባጭ መኪና የጋሽ ቀስበልን መኪና ጎኗን መትቶ አደቀቃት፤ እሱም እዚያው አረፈ። ሹፌሩ በዚያው ታሰረ። የሚያምነው አልተገኘም፤ ቀይ የማያልፍን ሰው ቀይ አለፈ ሲል ማን ይመነው? ስለ ስልክ የጠየቀም የለም። ጋሽ ቀስበል መኪና ሳያቆም ስልክ እንደማያነሳ አገር ያውቃል።

አገር የማያውቀውን አለቃ ታውቃለች። ሦስት ቀን ሙሉ የሆዷን በሆዷ ይዛ ሻይ ታቀርባለች።

አገር የሚያውቀውስ እውነት ነበር፣ እስከ አራት ወር በፊት ድረስ። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ቢሯቸው ነች፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሥራ መዝገብ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ አሮጌ የፍሪጅ በሮች። አለቃ ከዚያ ሆና ስትደውልለት ስልኩ ይጮኻል፣ አይነሳም። አሥር ደቂቃ ያልፋል። እሱ በዚያን ጊዜ ጥግ ይፈልጋል፣ ይቆማል፣ ሞተር ያጠፋል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ከዚያ መልሶ ይደውላል። «እሺ አለቃዬ፣ እስክሪብቶ ይዣለሁ፣ በይ።» አድራሻውን ትነግረዋለች፣ ይጽፋል፣ ከዚያም «ድገምልኝ» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ቁጥር ተሳስታ ግማሽ ቀን የማያውቁት ሰው ግቢ በር ላይ ካስቆመችው ወዲህ ይህ ሕጋቸው ነው፤ አድራሻ ሳይደገም ስልክ አይዘጋም።

ደንበኞች ግን አሥር ደቂቃ አይታገሡም። አንድ ቀን ሥጋ ሻጩ ደውሎ ጮኸባት፣ እሷም በተራዋ አባቷ ላይ ጮኸች። «ሥጋው እየተበላሸ ነው እኮ አባዬ!»

«ሥጋው እንደሆነ አንዴ ሞቷል» አላት። «ለእሱ ብዬ እኔ ልሙት?»

በሳምንቱ ከገበያ ያቺን ዕቃ ገዝታ መጣች። ከመኪናው የፀሐይ መከላከያ ላይ፣ ከሹፌሩ ግንባር በላይ የምትሰካ፣ መዳፍ የምታክል ድምፅ ማጉያ ነች። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ በብሉቱዝ ይገናኛል፤ ሲደወል ራሷ ታነሳለች። «በቃ፣ እጅህ ከመሪው ሳይነሳ ታወራለህ። ከዚህ በኋላ መቆም የለም» አለችው። ኩራት ኩራት ብሏት ነበር። ጥሩ ልጅ የምትሠራውን የሠራች መስሏት ነበር።

ዕቃዋ ግን ዐመለኛ ወጣች። የአለቃን ድምፅ መልሳ ለራሷ ታሰማታለች። ኮረኮንች ላይ ከኋላ ያለው መፍቻና ቱቦ ሲንኳኳ እሱን አጉልታ የጋሽ ቀስበልን ድምፅ ትውጠዋለች። አንድ ጊዜም ጋሽ ቀስበል ዳቦ ቤት ገብቶ ፍሪጅ ሲፈታ አለቃ ደወለች፤ እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «ሃሎ! ሃሎ!» ይላል፣ የእሷ ድምፅ ግን በር ላይ ከቆመችው ባዶ መኪና ውስጥ «አባዬ! የት ነው ያለኸው?» እያለ ይጮኻል። መንገደኛ ተሰብስቦ መኪናዋን ከበበ። ማታ ይህን ሲተርክ እናቷ ወንበር ይዛ ነው የሳቀችው።

ሳቁ ሲበርድ «አለቃዬ» አላት፣ «እጄን ፈታሽልኝ፤ ጭንቅላቴን ግን ይዘሽዋል።»

አለቃ ያኔ ይህንንም ከቀልዱ ቆጥራ ስቃ አለፈችው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤቱ ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴት መጣች። ማንም አላወቃትም፤ ከደንበኞቹ አንዷ ትሆናለች ብለው ቦታ ለቀቁላት። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። የቀረበላትን ሻይ አልነካችም። ልብስ ሰፊው ለአዲስ መጪዎች የቢጫውን መብራት ታሪክ እንደገና ጀመረ። ሴትየዋ እያንዳንዱን ቃል አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ከዚያ ብርጭቆዋን ይዛ ማድ ቤት ገባች።

«ልጁ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«የሹፌሩ ሚስት ነኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አትደንግጪ፣ እህቴ። ልለምን አልመጣሁም። ሰው ሞቶ ቤት መቀመጥ ከበደኝ። ባሌም ‹ሂጂ፣ በእኔ ቦታ ልቀሽላቸው› ብሎኛል።»

የአለቃ እጅ ልማዱ ነውና ብርጭቆውን ተቀበላት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለች ሴትየዋ። «እሱ ‹አረንጓዴው የእኔ ነበር› ብሎ ይምልልኛል። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ዋሽቶኝ አያውቅም። ግን የሄድኩበት ሁሉ ሰው አባትሽን ቀይ አያልፍም ይላል። እዚህም ይኸው ሰማሁ። ትናንት ስንቅ ይዤለት ሄጄ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ተጠራጠርኩት።» እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። «እውነት አባትሽ እንዲያ ነበሩ?»

አለቃ አፏን ከፈተች። «እንዲያ ነበር» አለች።

እውነት ነበር፤ ከውሸት የከፋ እውነት። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀችና «ነፍሳቸውን ይማር» ብላ ወጣች። አለቃ የውሃውን ቧንቧ ከፍታ ያልቆሸሸ ብርጭቆ ታጥብ ጀመር። ውሃው ሲንሿሿ ማክሰኞ እንዳለ ተመልሶ መጣባት።

አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ፍሪጁ ቆመብኝ፣ ከቀዝቃዛ ቦታ መውጣት የሌለበት መድኃኒት አለኝ ብላ ተንሰፍስፋ ደወለች። አለቃ ወዲያው ወደ አባቷ ደወለች። እሱ ወደ ሌላ ሥራ መንገድ ላይ ነበር።

«ያንን ተወውና ዙር፣ አባዬ። ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ። ድገምልኝ።»

«ከክሊኒኩ ... ሰማ ...» መፍቻው ተንኳኳ፣ ድምፁ ተቆራረጠ።

«አልሰማሁህም። ድገምልኝ!»

«አለቃዬ፣ ትንሽ ቆይ፣ እዚህ ጋ ...»

«መድኃኒቱ ይበላሻል እኮ! ዝም ብለህ ድገምልኝ!»

ጋሽ ቀስበል ታዘዘ። ወደ ማጉያዋ አንጋጦ መሆን አለበት፣ ድምፁ ጠርቶ ቀርቦ መጣ፤ «ከክሊኒኩ ጀርባ። ሰማያዊ በር። ከጎማ ...»

ከዚያ የብረት ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። አለቃ የዕቃዋ የተለመደ ዐመል መስሏት «ይቺ የተረገመች!» ብላ ተሳደበች። ደግማ ደወለች። አራት ጊዜ ደወለች። በአራተኛው ስታጣው «ዛሬስ ጆሮውን እቆነጥጠዋለሁ» ብላ ሻይዋን ጠጣች።

አለቃ ቧንቧውን ዘግታ የምታጥበውን ብርጭቆ አስቀመጠችና ወደ መኝታ ክፍል ገባች። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሦስት ቀን ሆናት እንዲህ፤ እህል ሲሉ ትንሽ ትቀምሳለች፣ ተነሽ ሲሉ አትሰማም። አጎቷ ወንበር ላይ ሆኖ ለነገ የሚናገረውን በወረቀት ያዘጋጃል።

«ጋሼ፣ ነገ ከእርስዎ ጋር እሄዳለሁ።»

«አንቺ ምን ልትሠሪ? እናትሽ ጋ ሁኚ።»

«አባዬ ሲጋጭ ከእኔ ጋር እያወራ ነበር።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። አለቃ ያን ጊዜ ሁሉን ተናገረች፤ ስለ ዕቃዋ፣ ስለ መድኃኒት ቤቱ፣ «ትንሽ ቆይ» ስላለውም። አላለቀሰችም። ሥራ እንደምታዝበት ባለ ድምፅ፣ አንድ በአንድ ተናገረች።

አጎቷ ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ሙት ወቃሽ ልትሆኚ ነው? የገዛ አባትሽን? ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ የሚምልበትን ሰው?»

«የምወቅሰው እሱን አይደለም። እኔን ነው።»

«መብራቱን አይተሻል?»

«አላየሁም። ግን ጋሼ፣ እሱም ያየው አይመስለኝም። ዓይኑ እዚያ ነበር፣ ልቡ ግን እዚህ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሰውየው እስር ቤት ነው። ሚስቱ ዛሬ እዚህ መጥታ ነበር። ባሏን ማመን አቅቷታል።»

«ስም ...» ብሎ ጀመረ አጎቷ።

«የእሱስ ስም? ያ ሰው በቁሙ ስም የለውም?»

አጎቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ ሲናገር አይሰማም ነበር። «ሰዎቹን ነገ ምን ልበላቸው?»

«እነሱ የሚያውቁትን ይናገሩ። ጥንቁቅ ነበር፣ ውሸት የለበትም። እኔም የማውቀውን እናገራለሁ።»

ያን ጊዜ እናቷ ከግድግዳው ዞረች። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ለምን አላቆመም?» አለች።

«እንዳያቆም ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

እናቷ ብዙ አየቻት። አንድ ቃል ቢወጣት፣ እርግማንም ቢሆን፣ አለቃ በእፎይታ በተቀበለችው ነበር። እናቷ ግን ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ብርድ ልብሱንም እስከ ጆሮዋ ሳበች።

በማግስቱ ጠዋት አጎቷ ምስክሮቹን ሊጠራ ቀድሞ ወጣ። አለቃ ጫማዋን አሥራ ወደ ሳሎን ስትገባ ለለቀስተኛ የተደረደሩት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። እናቷ ከመሃላቸው በአንደኛው ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷን ታጥባ፣ ካፖርት ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ።

«እማዬ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ። አንቺ አልበላሽም፣ አልተኛሽም ...»

እናቷ ተነስታ በሩን ከፈተች።

ጣቢያው ሩቅ አይደለም፣ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። እናቷ ሁለት እርምጃ ትቀድማለች፤ አለቃ ከኋላዋ ካፖርቷ ትከሻዋ ላይ ምን ያህል እንደሰፋ እያየች ትከተላለች። በሦስት ቀን ሰው እንዲህ ይከሳል እንዴ? ይቅርታ ልበላት ብላ አሰበች። ተወችው። ለዚህ የሚሆን ቃል እሷ ዘንድ አልነበረም፤ ቢኖርም ከኋላ ሆኖ የሚባል አይደለም።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው መንገድ ሰፊ ነው። የጠዋት ሥራ ሰዓት ነበርና መኪናው እየተግተለተለ ያልፋል። ከመስታወቱ ጀርባ የሹፌሮቹ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ብቻቸውን የሚያወሩ ይመስላሉ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጣቢያው በር አጠገብ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴት ስንቅ አንጠልጥላ ቆማለች።

እናቷ ጠርዙ ላይ ቆመች። አለቃም ከጎኗ ደርሳ ቆመች።

አሮጊቷ እናት ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ እንደገና ወደ ግራ አየች። ከዚያ ወደ ልጇ ሳትዞር እጇን ዘርግታ፣ የሠላሳ አንድ ዓመቷን ሴት እጅ፣ ትምህርት ቤት እንደሚወስዷት ሕፃን እጅ፣ አጥብቃ ያዘች። ተሻገሩ።