በበርሜል የመጡ ዓሦች

እና ትናገራለች፣ ቆርጣለች፣ እንግዶቹ ገና ከመኪና ሲወርዱ፣ ክቡራን፣ እነዚህ ዓሦች ዛሬ ጠዋት በበርሜል የመጡ ናቸው፣ ወንዙ ሞቷል፣ ትላለች፣ ከሥራ ቢያባርሯት ያባርሯት፣ ሰማይ አይደፋባትም፣ ግን አፏ ከአሁኑ ኩበት ሆኗል፣ ኃላፊዋ ደግሞ ሐሳቧን ያነበበ ይመስል ካጠገቧ አይርቅም፣ ፈገግ በይ እንጂ፣ የሠርግሽ ቀን ማለት እኮ ነው፣ ይላታል፣ አዲስ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት ከድንጋይ ድንጋይ እየተንጠላጠለ።

የሠርጓ ቀን።

ጠዋት ከዓሣ ማርቢያው ኩሬ የመጣች ፒክአፕ ናት ያራገፈቻቸው፣ ሹፌሩ የበርሜሉን ክዳን ከፍቶ ወንዙ ውስጥ እንደ እጣቢ ደፋቸው፣ ምንድነው ይሄ ስትል ኃላፊዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓሣ ነዋ፣ እንግዶቹ መታወቂያ አይጠይቁትም፣ አላት፣ በገዛ ቀልዱም ሳቀ፣ እሷም፣ ወይ ውርደት፣ እሷም ሳቀች፣ ለምን ሳቀች፣ ጥርሷ ለምን ይቀድማታል፣ እና ቀና ስትል ወንድሟ ከማዶ ቆሟል፣ ከጥበቃ ሥራው ወደ ቤት ሲመለስ፣ የላይኛው መንደር ፋብሪካ ዩኒፎርም ትከሻው ላይ ሰፍቶት፣ በርሜሉን አየ፣ እሷን አየ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና መንገዱን ቀጠለ። ምነው ባንቋሸሻት።

ምን ይበላት፣ እሷ ናት ያስፈረመችው። መንግሥት የወንዝ ዓሦችንና የዱር እንስሳትን መኖሪያ መልሶ ለማቋቋም ድጋፍ ይሰጣል ሲባል ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ ብድግ ያለችው እሷ፣ የዓሣ ባለሙያዋ፣ ማመልከቻውን የጻፈችውም እሷ፣ በዚያ በደረቅ ቋንቋ፣ የዓሣ ዝርያዎችን የመራቢያ ፍልሰት የሚገታውን ሰው ሠራሽ መሰናክል በማስወገድ፣ ብላ፣ መሰናክል ያለችው የአባቷን ክትር ነው፣ አባቷ ከጎረቤቶቹ ጋር ድንጋይ በትከሻው እየተሸከመ የሠራውን ግድብ፣ ታላቅ ወንድሟ ቲማቲሙን የሚያጠጣበትን፣ እሷን ያስተማረበትን፣ አዎ፣ እሷ የተማረችው በቲማቲም ነው። ጋሼ፣ አንተ እሺ ካልክ ጎረቤቱ ሁሉ እሺ ይላል፣ ክትሩ ሲፈርስ ዓሣው ሽቅብ ይወጣል፣ ወፎቹ ይመለሳሉ፣ ላንተም የውሃ ፓምፕ ይተከልልሃል፣ አለችው፣ እሱም እጁን በሱሪው ጠራርጎ፣ እኔ ምን አውቄ፣ የተማርሽው አንቺ፣ አንቺ ካልሽ ይፍረስ፣ አላት።

አንቺ ካልሽ።

ደግሞ ሆኖ ነበር እኮ፣ ይሄ ነው የሚያንገበግባት፣ ቅዠት አልነበረም፣ በመጀመሪያው ክረምት ከታች ከሐይቁ መጥተው ነበር፣ ጀርባቸው እየተብለጨለጨ፣ እርስ በርስ እየተገፋፉ፣ ክትሩ በነበረበት በኩል ሽው፣ እናቷን በክንዷ ደግፋ አውርዳ አሳየቻቸው፣ እማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ አባትሽ ይህን አይቶ ቢሆን፣ አሉ፣ ያን ቀን እግሯ መሬት አልነካም፣ በሕይወቷ አንድ ነገር አደረገች፣ ቢሮ ተቀምጣ ማኅተም ስትመታ አልከረመችም። ከዚያ በበጋው ላይኛው መንደር የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ተከፈተ፣ ፈቃዱን የሰጠው ሌላው መሥሪያ ቤት ነው፣ ያው መንግሥት፣ አንዱ እጁ የዘራውን ሌላው እጁ፣ እና ወንዙ አንድ ሰሞን ቀይ፣ አንድ ሰሞን ሰማያዊ፣ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ወፎቹም ሽታው አባሯቸው፣ ለኃላፊዋ ስትነግረው፣ እሱ የእኛ ዘርፍ አይደለም፣ እኛ መኖሪያ ነን፣ የውሃ ጥራት ሌላ ክፍል ነው፣ አላት፣ ፓምፑም ግዢ ላይ ነው፣ እስከ ዛሬ ግዢ ላይ ነው፣ የወንድሟ ማሳ ተሰነጣጠቀ፣ እሱም ሄዶ ለዚያው ፋብሪካ ዘበኛ ሆነ። ቲማቲም የለመደ እጅ ዱላ ይዞ።

መኪኖቹ መጡ።

ዋናዋ እንግዳ፣ ድጋፉን የሰጡት ባለሥልጣን፣ ደግ ፊት ያላቸው ትልቅ ሴት ናቸው፣ ክፉ ቢሆኑ ይቀላት ነበር፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ውሃው ጎንበስ ይላሉ፣ ውይ ሲያምሩ፣ ይላሉ ከልባቸው፣ ካሜራው ይጠጋል፣ ጎረቤቶቹ ከኋላ ተሰብስበዋል፣ ወንድሟም አለ፣ አልተኛም፣ ዩኒፎርሙን እንኳ አላወለቀም፣ አሁን፣ አሁን በይ፣ ክብርት ሆይ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ድምፅዋ ወጣ፣ በእውነት ወጣ፣ ኃላፊዋ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ሴትዮዋ ግን እጃቸውን ክንዷ ላይ አሳርፈው፣ ቆይ ልጄ፣ አንቺን እሰማሻለሁ፣ መጀመሪያ ነዋሪውን ልስማ፣ ይላሉና ከሰው ሁሉ መሐል ዘወር የሚሉት ወደ እሱ ነው፣ ወደ ወንድሟ፣ እርስዎ የዚህ አካባቢ ሰው ነዎት፣ አዎ እመቤቴ፣ ታዲያ ዓሦቹ ተመለሱ፣ ይሉታል።

ወንድሟ ባርኔጣውን ያወልቃል።

ያያታል። በል ጋሼ፣ አንተ ንገርልኝ፣ አንተ ምን ታጣለህ፣ ምን ቀረህና፣ በዓይኗ ትለምነዋለች፣ እሱ ግን ልመናዋን ሌላ አድርጎ ያነበዋል፣ ፍርሃት መስሎታል፣ አድነኝ ያለችው መስሎታል፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ተመልሰዋል እመቤቴ፣ ሽቅብ ሲወጡ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ይቺ እህቴ ናት ያመጣችልን፣ ይላል፣ ውሸት የማያውቅ ሰው፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ጎረቤቶቹ መሬት መሬት ያያሉ፣ ጭብጨባው ግን ይቀልጣል፣ ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቅሯል፣ አንቺስ ልጄ፣ ምን ልትዪኝ ነበር፣ ይሏታል።

ምን ልትል ነበር። እውነቱን ብትናገር ቀጣፊው እሱ ነው፣ በካሜራ ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ በዚያ በሰፋው ዩኒፎርም፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ እንኳን ደህና መጡ ልልዎት ነው፣ ትላለች።

የቀረውን የምትሰማው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለች ሆና ነው፣ አርአያነት ያለው ውጤት፣ ሁለተኛው ዙር ድጋፍ፣ ከዚህ እስከ ፋብሪካው ያሉት ክትሮችም እንዲሁ ይፈርሳሉ፣ ጭብጨባ፣ ከዚህ እስከ ፋብሪካው ስንት ማሳ አለ፣ ስንት ሰው አንቺ ካልሽ ሊል ነው፣ ኃላፊዋ መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ጆሮዋ ላይ፣ ነገ ገበሬዎቹን ልታስፈርሚ ወደ ላይ ስትወጪ ወንድምሽን ይዘሽ ውጪ፣ እሱ ሲናገር ሰው ያምናል፣ ይላል። አቧራው ይነሣል። ይወርዳል።

ዓሦቹ መሞት ጀምረዋል። ወንድሟ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ እየለቀመ በከረጢት ያጭቃቸዋል፣ ሰው ሳያይ ልቅበራቸው፣ መሳቂያ እንዳትሆኚ፣ ይላታል፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ትገባለች፣ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ደስ አይልም፣ ጋሼ፣ ወይ፣ ልነግራቸው እኮ ነበር፣ ምኑን፣ እውነቱን፣ የበርሜሉን፣ የፋብሪካውን፣ ሁሉንም፣ አንተን ባይጠይቁህ ልናገር ነበር። እጁ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። እኔኮ ያዳንኩሽ መስሎኝ፣ ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ አውቃለሁ ጋሼ፣ አውቃለሁ፣ ነገ ደግሞ አንተን ይዤ ወደ ላይ እንድሄድ ታዝዣለሁ፣ እኔን፣ አንተን፣ ሄጄ ምን ልላቸው፣ ይላታል፣ የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ግን አላውቅም፣ ትላለች።

አንዷ ዓሣ ነፍሷ አልወጣም፣ ቁርጭምጭሚቷን ትታከካታለች፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ታነሣታለች፣ ታሟልጫለች፣ ልቀቂያት ይላል ወንድሟ፣ ወዴት፣ ወዴት ልልቀቃት ጋሼ፣ እዚህ ብትለቃት ውሃው፣ ብታወጣት አየሩ፣ እሱ ወንዙን ሽቅብ ያያል፣ ቁልቁል ያያል፣ ዓሣዋ መዳፏ ውስጥ አንዴ ትርገበገባለች፣ ደግሞ አንዴ፣ ከዚያ…