የሐሙሱ ቃለ ጉባኤ

«አንፈርምም» አሉ ጡረተኛው መምህር።

ከኋላቸው ከቆመው ሰው አንድም እግር ወደ አዳራሹ በር ፈቀቅ አላለም። አትክልተኞች አሉ፣ ምንጣፍ አጣቢዎች አሉ፣ አሸዋ ጫኞች አሉ፤ ሁሉም ወይ ወንዙ ዳር የሚያድሩ ወይ ከወንዙ የሚበሉ ናቸው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ በሩ ጎን የተቀመጠችውን ጸሐፊና ፊት ለፊቷ ያለውን ወረቀት በሩቁ ያያሉ።

ወረቀቱ አቴንዳንስ ነው፦ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ሥራ፣ ፊርማ። ስክሪብቶው እንዳይወሰድ በሲባጎ ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል። ዛሬ ሲባጎውም አላስፈለገም።

«ባለፈው ፈርመን አይደል የቆሻሻ መጣያው ደጃችን የመጣው?» ቀጠሉ መምህሩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ልንቃወም መጣን፣ ፈርመን ገባን፣ የልባችንን ተናግረን ወጣን። ኋላ ስንሰማ ተስማምታችኋል ተባልን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።»

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አላየቻቸውም። የቆሻሻ መጣያውን ቃለ ጉባኤ የጻፈችው እሷ ናት። አቴንዳንሱን ከኋላው በስቴፕለር የመታችውም እሷ ናት።

የቢሮው ኃላፊ ከውስጥ ወጣ። በዕድሜ ልጇ ሊሆን ይችላል። ሳምንቱን ሙሉ በየሰፈሩ የሕዝብ ምክክር ሲመራ ሰንብቶ ጉሮሮው ተዘግቷል፤ የጉሮሮ ከረሜላ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ያገላብጣል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ለመሆንም ጊዜ የለውም።

«ያልፈረመ አይገባም፤ አሠራር ነው» አለ ለሕዝቡ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «አርባ ሰው ካልሞላ ምክክር ተደረገ አይባልም። ሰኞ ምክር ቤቱ ይጠብቀናል። እባክዎ፣ እርስዎን ይሰማሉ፤ አንድ ነገር ይበሏቸው።»

አንድ ነገር ማለት ትችል ነበር። መምህሩ እውነታቸውን ነው ማለት ትችል ነበር። ግን ለጡረታዋ ሰባት ወር ቀርቷታል፣ እግሯ ከጠዋት ጀምሮ ጫማዋ ውስጥ አብጧል፣ ደግሞም ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ቢሮ ያኖራት አንድ አባባል አላት፦ ዝም አይነቅዝም።

ይሄኔ ወንድሟ መጣ።

ታናሿ ነው። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አጥባ፣ አልብሳ፣ ፊደል አስቆጥራ ያሳደገችው እሷ ናት። እትዬ ማለት ለእሱ እናትም አባትም ነው። አሁን አርባን አልፎ፣ ሁለት ልጆች ወልዶም፣ ሲያያት ፊቱ የሚበራው እንደዚያው ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ የሱሪው ጫፍ ግን ጭቃ ነክቶታል፣ ጥፍሮቹ ሥር ያለው አፈርም በሳሙና የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ወንዙ ዳር ችግኝ አፍልቶ ይሸጣል። በየዓመቱ ለተከላ ዘመቻ ችግኝ የሚገዛው ደግሞ ይኸው የእሷ ቢሮ ነው።

«ምን ሆናችሁ ነው ደጅ የቆማችሁት?» አለ።

«ፈርሙ እያሉን» አለች ጎረቤቱ፣ ምንጣፍ አጣቢዋ።

ሳቀ። «እና ታዲያ? የምትጽፈው እኮ እህቴ ናት! እሷ በያዘችው ወረቀት ላይማ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምፈርመው።» ጎንበስ ብሎ ስክሪብቶውን አነሣና ተራ ቁጥር አንድ ላይ ስሙን ፊደል በፊደል እያሳመረ ጻፈ።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ምንጣፍ አጣቢዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀረበች። ከእሷ ኋላ አትክልተኞቹ፣ ከዚያ አሸዋ ጫኞቹ። መጨረሻ ላይ መምህሩም መነጽራቸውን አድርገው ፈረሙ። «ለእሱ ብዬ ነው» አሏት። አርባ ስድስት ሰው ሞላ።

ያን ጊዜ ልትነግረው ይገባ ነበር። እጁን ይዛ፣ ተው ወንድምዬ፣ ይሄ ወረቀት ኋላ ሌላ ሥራ ይሠራል፣ ልትለው ይገባ ነበር። ስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እያየች ዝም አለች።

ለምክክር የቀረበው ረቂቅ ደንብ ሲነበብ ማንም አይጠላውም። ወንዙ ታሟል፤ ስለዚህ ከዳሩ ሃምሳ ሜትር ድረስ ያለ ማንኛውም ግንባታና እንቅስቃሴ ይነሣል። ወንድሟ ረቂቁን ባገኘ ማግሥት በገመድ ለካ። የችግኝ ጣቢያው የመጨረሻ መደብ ከውሃው አርባ አንድ ሜትር ላይ ያበቃል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን አጣጥፎ ቤቷ መጣና ሳይቀመጥ «ምን ላድርግ እትዬ?» አላት። «ሐሙስ ና። ተነሥተህ ተናገር። የምጽፈው እኔ ነኝ» አለችው። ውሸት የተናገረች አልመሰላትም። ደክሟት ነበር፤ ፊቱ ላይ ያለው ጭንቀት እንዲነሣላት፣ ቁጭ ብሎ ሻይ እንዲጠጣላት ነበር የፈለገችው። ጠጣም። ሁለት ብርጭቆ።

ከዚያ እሁድ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ የሐሙሱን ቃለ ጉባኤ ጻፈች።

ይሄ ተንኮል አይደለም፤ የቢሮው ልማድ ነው። ሪፖርቱ ምክክሩ በተደረገበት ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልደረሰ ሰነድ የሚወስደው መኪና ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ያለፈው ዓመት ፋይል ይከፈታል፣ ርእሱና ቀኑ ይቀየራል፣ የተሳታፊው ቁጥር ቦታ ክፍት ይተዋል። አንድ ጊዜ ስለ ድንጋይ ካባ አቧራ በተደረገ ምክክር ቃለ ጉባኤ ላይ «ተሳታፊዎቹ ለዓሣ ሀብቱ ያላቸውን ተቆርቋሪነት ገልጸዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሳታጠፋው ቀርታ ነበር። ፈረሙበት፣ ማኅተም መቱበት፣ መለሱላት። ለብቻዋ ሳቀች። ማንም የማያነበው ወረቀት ማንንም አይጎዳም ብላም ራሷን አጽናናች። የቆሻሻ መጣያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ መስመር ጣለ፤ ወንዙ መሆኑ ነው። ኃላፊው በተዘጋ ጉሮሮው አርባ ደቂቃ አስረዳ። የወንዙ ዳር ሰዎች ግድግዳው ላይ ቤታቸውን ሲፈልጉ ቆዩ፤ አንድም ሰው አላገኘውም። ከዚያ መድረኩ ክፍት ነው ተባለና ማይኩ መጀመሪያ የደረሰው ለወንድሟ ነው።

«እኔ ወንዙ ይጠበቅ ነው የምለው» ብሎ ጀመረ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ። የእኔ ችግኞች ባሉበት በኩል ዳሩ ተንዶ አያውቅም፤ ወርዳችሁ እዩ። አሁን ግን የችግኙን ጥላ የያዘው እንጨት ግንባታ ነው፣ አንተም ተነሣ ተባልኩ። እሺ፣ እኔ ልነሣ። የሚቀጥለውን ዓመት ችግኝ ከየት ልታመጡ ነው? ዛፍ ለመትከል ዛፍ የሚያፈላውን ማንሣት ምን ይባላል? እኔ አልተማርኩም፤ የተማረ ያስረዳኝ።»

ሰው አጨበጨበ። ጸሐፊዋ ቃል በቃል ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ እጇ ከዚያ በፊት እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም።

«በጣም ጥሩ አስተያየት ነው» አለ ኃላፊው። «ተይዟል።»

ተይዟል ከተባለ አስተያየት ውስጥ ሲለቀቅ ያየችው የለም።

ከእሱ በኋላ ስምንት ሰው ተናገረ፤ ስምንቱም ተያዘ። ለሻይ ሲወጡ ኃላፊውን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«አርባ ስድስት ብለው ቁጥሩን ይሙሉና ፕሪንት ያድርጉት» አላት።

«የዛሬውን አስተያየት በአባሪ ላያይዘው ብዬ ነበር። ሁለት ገጽ ቢሆን ነው።»

ከረሜላውን ዋጠው። «እኔም ሰምቻለሁ እኮ። እውነታቸውን ነው። ግን አባሪ ካለ ምክር ቤቱ ጥያቄ ያነሣል፣ ጥያቄ ከተነሣ ይመለሳል፣ ከተመለሰ ከዜሮ ነው የምንጀምረው። እኔ ደግሞ በቃኝ፤ አልዋሽዎትም፣ ቤቴ ገብቼ ልጄን ነቅታ ካየኋት ሳምንት አለፈኝ። በሚቀጥለው ዙር እናስገባዋለን።»

ሰኞ የጸደቀ ደንብ የሚቀጥለው ዙር እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ። ገብታ ፕሪንት አደረገች።

ስትወጣ ወንድሟ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ጠበቃት። የእሷ ስኳር እንደሌለው አልረሳም።

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

«ሁሉንም?»

«ቃል በቃል።»

ዞር ብሎ ግድግዳ ሥር ለተቀመጡት ጎረቤቶቹ እጁን አነሣ። «ጽፋዋለች!» አላቸው። ምንጣፍ አጣቢዋ ተመስገን አለች። መምህሩ እንኳ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ጸሐፊዋ ሻዩን መጨረስ አቃታት። አፍራ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያልተሰማት ዕፍረት በአንድ ጉንጭ ሻይ መጣባት።

ከዕረፍት መልስ ኃላፊው ለመዝጋት አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ስለ ንቁ ተሳትፎአችሁ እናመሰግናለን አለ። ወንበሮች መንቋቋት ጀመሩ።

«ቃለ ጉባኤው አልተነበበም» አለች ጸሐፊዋ።

ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። የአሠራር መመሪያው ላይ አንድ ያረጀ ዐንቀጽ አለ፦ ጉባኤው ሳይበተን ቃለ ጉባኤው ለተሳታፊ ይነበባል። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ማንበቡ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል፤ ዐንቀጹን ግን የሰረዘው የለም። ይህን በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያስታውስ ሰው መኖሩን እንጃ።

ኃላፊው ማይኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ምን ማለትዎ ነው?» አለ በሹክሹክታ። «ሰባት ወር ነው የቀረዎት። ይተዉ እንጂ።»

ሰባቱን ወር አሰበቻቸው። የጡረታ ደብተሯን፣ የቤት ኪራዩን፣ ማለዳ ተነሥታ የትም የማትሄድበትን ያን የተመኘችውን ቀን አሰበች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ አነበበች።

«ተሳታፊዎቹ በረቂቁ ላይ በስፋት ከተወያዩ በኋላ በሙሉ ድምፅ ደግፈውታል። በወንዙ ዳር የሚገኙ ግንባታዎችና እንቅስቃሴዎች በአፋጣኝ እንዲነሡም አጥብቀው ጠይቀዋል።»

የሚንቋቋው ወንበር ሁሉ ቆመ። ማንም አልጮኸም። ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

«እትዬ» አለ ወንድሟ ከተቀመጠበት። «ይሄን መቼ ነው የጻፍሽው?»

«ማክሰኞ።»

«እኔ የተናገርኩት አሁን ነው።»

«አዎ።»

«ሻይ ላይ ስጠይቅሽ ጻፍኩት አልሽኝ።»

«ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ደብተሬ ግን ምክር ቤቱ አይደርስም።»

ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ነው፤ ፊደል ስታስቆጥረውም እንዲሁ ነበር፣ ከገባው ግን አይረሳም። «የፈረምነውስ?»

«ከዚህ ጋር ይያያዛል። ተስማምተው የፈረሙ ተብሎ።»

መምህሩ «ብለን ነበር» አላሉም። ዐይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ፤ ለእሱ ማፈራቸው ነበር። ወንድሟ ተነሣ። ዞሮ በየረድፉ ያስፈረማቸውን ሰዎች አየ፣ ምንጣፍ አጣቢዋን፣ አትክልተኞቹን፣ አሸዋ ጫኞቹን። ወደ እሷ ሲመለስ ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሁሉ ጠፍቷል።

«ስማችንንም አንብቢው» አላት።

አቴንዳንሱን አነሣች። «ተራ ቁጥር አንድ» አለች። የእሱን ስም አነበበች፣ ቀጥሎ የአባቱን። የእሷም የአባቷ ስም ነው።

«አልተስማማሁም» አለ። ዐይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሣ ጨመረ። «ይጻፉት።»

አንድም ቀን አንቱ ብሏት አያውቅም። ጎንበስ ብላ ከፊርማው ጎን «አልተስማማሁም» ብላ ጻፈች። ቀና ስትል ወንድሟ በሰው ጉልበት መካከል እያለፈ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለ ወደ በሩ እየሄደ ነበር። ልትጠራው አፏን ከፈተች። ግን ኃላፊው እጁን ወደ ወረቀቱ ዘርግቷል፤ እሷ ከጠረጴዛው ከተነሣች ወረቀቱም ይነሣል። በክንዷ ተጫነችው።

«ተራ ቁጥር ሁለት» አለች።

ምንጣፍ አጣቢዋ ከወንበሯ ተነሣች። እሷም ሌላውም የሚያየው ግን ጸሐፊዋን ሳይሆን በሩን ነበር። ወንድሟ ደፉ ላይ ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቶ ቆሟል። አልወጣም፤ አልተመለሰምም።

«አልተስማማሁም» አለች ምንጣፍ አጣቢዋ።

ጸሐፊዋ ጻፈችው፤ ከዚያ ድምፅዋ በሩ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ ሦስተኛውን ስም ጠራች።