ፋይሎቹ አንድ ላይ ሲታዩ

እኔና ታላቅ ወንድሜ አንድ ቢሮ ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተን እንሠራለን። ስምንት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። አባታችን ሆስፒታል ውስጥ ሲያጣጥር እኔ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ ወንድሜ አልደወለልኝም። የደረስኩት ለቀብር ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ማየት አስጠላኝ፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም።

የምንሠራው ጊዜያቸው ሳይደርስ ለተወለዱ ሕፃናት የሚሆን ማሞቂያ አልጋ ነው። ማሞቂያውን የሚያዘው ኮድ የእሱ ነው፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የሚጮኸው ማንቂያ የእኔ። አለቃችን በሁለታችን መካከል ወረቀት እያመላለሰ ፖስተኛ ሆኗል። ከኋላው «አቶ ዜሮ» ነው የምንለው፣ ኮዳችንን ከሚፈትሸው ኮምፓይለር ሪፖርት የሚያነበው የጥሰቱ ብዛት የተጻፈበትን የመጨረሻውን መስመር ብቻ ስለሆነ።

ኮምፓይለሩ የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀይር፣ አማራጩ ከተከፈተለት የአጻጻፍ ደንቡን መጠበቃችንንም ይመረምራል። እኛ የከፈትንለት እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው የሚያየውን ነበር። የወንድሜ ፋይል ዜሮ ጥሰት። የእኔም ዜሮ ጥሰት። አቶ ዜሮ ደስታውን አልቻለውም።

ማክሰኞ ፈቃድ የሚሰጠው መርማሪ መጣ። ሪፖርቱን አገላብጦ፣ ፋይሎቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚያየው አማራጭ ለምን እንዳልተከፈተ ጠየቀ። እስከ ነገ ካልታየ አልጋው ከዚህ ግቢ አይወጣም አለና ሄደ።

ከፈትኩት። አንድ ጥሰት። የሙቀቱ ልክ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነ በሁለት ፋይል ለየብቻ ታውጇል ይላል፤ እሱ ዘንድ ባለ ነጥብ ቁጥር፣ እኔ ዘንድ ሙሉ ቁጥር ሆኖ። ደንቡ ደግሞ የጋራ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ታውጆ ሌላው ከዚያ እንዲወስድ ያዛል። የወንድሜን ፋይል ከምከፍት እጄ ቢቆረጥ ይሻለኝ ስለነበር፣ በግምት የራሴን ጽፌ ኖሯል። «ሁለት ባላ ትከል» የሚለው ለኮድ አልተተረተም። ማንቂያዬ የእሱን ባለ ነጥብ እንደ ሙሉ ቁጥር ስለሚወስድ፣ ሲያነብ የከረመው ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው፤ ሕፃኑ እየተቃጠለ እሱ ዝም ይላል።

አቶ ዜሮ ያቺን አንዲት ደንብ ብቻ ዝም የሚያሰኝ አማራጭ እንዳለ አስታወሰኝ። አውቃለሁ አልኩት። ሲወጣ በሩን እንዲዘጋልኝም ለመንኩት።

ወንበሬን ወደ ወንድሜ አዞርኩ።

«ሙቀቱን ካንተ ልወስድ ነው። የእኔን አጠፋዋለሁ።»

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል የቱ ፋይል ውስጥ እንዳለ ነገረኝ። የእኔን አጠፋሁ፣ የእሱን ወሰድኩ፣ ሁሉንም አንድ ላይ እንደገና አስመረመርኩ። ዜሮ። የሙከራውን አልጋ ከልክ በላይ አሞቅነው፤ ማንቂያው ጮኸ። ወንድሜ ማጥፊያውን ተጭኖ እዚያው ቆመ።

«ያን ቀን አባባ ጠርቶሽ ነበር» አለ።

ደሜ ፈላ። ታዲያ ለምን አልደወልክም አልኩት።

«‹ሥራዋን ከጨረሰች ጥራት› ነው ያለኝ። የሄድሽበት ቢሮ ደወልኩ። አልጨረሰችም አሉኝ።»

«ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«ራስሽን ከምትጠዪ እኔን ጥዪኝ ብዬ።»

ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳላጓድል፣ እንዳለው አድርጌለት ነበር።