የወገብ ያዝ ሳጥን

ስንት ዘመን ስፈልገው የኖርኩት ሸክላ እንደ አዲስ ታትሞ ሐሙስ ዕለት ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ አገኘሁት። ዋጋው ግን አይቀመስም። በሩ ላይ ደግሞ «ቅዳሜ ሁሉም በግማሽ ዋጋ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እስከዚያ ማን ያቆይልኛል? ግራ ቀኝ አየሁና ጥግ ያለው ሳጥን ውስጥ ወሸቅኩት። እዚያ ያሉት ስፖርት የሚያሠሩ ሸክላዎች ናቸው። «አንድ፣ ሁለት፣ ወገብ ያዝ!» የሚል ሸክላ የትኛው ጤነኛ ይገዛል?

ቅዳሜ በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። የሚስቴ ወንድም ቀድሞኝ ቆሟል።

«አንተ ደግሞ ምን እግር ጣለህ?»

«ወገቤን እያመመኝ ነው፤ ስፖርት ልጀምር ብዬ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«እኔንም አሞኛል» አልኩት። ከኋላችን የተሰለፉት ሦስት ሽማግሌዎችም ወዲያው ወገባቸውን ያዙ።

በሩ ሲከፈት አምስታችንም እየተጋፋን ወደ ጥጉ ሮጥን። ሳጥኑ ውስጥ አንድም ስፖርት የለም! ሁላችንም የደበቅናቸው ምርጥ ምርጥ ሸክላዎች ጢም ብለውበታል። ከላዩ ላይ «ቅናሽ አይመለከተውም» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

ባለሱቋ ከባንኮኒው ጀርባ ተጣራች፦ «ወገባችሁን ያመማችሁ፣ ስፖርቱን ወዲህ አምጥቼዋለሁ! በግማሽ ዋጋ ነው!»

የሚስቴ ወንድም እያየኝ ምን ላድርግ? የደበቅኩትን በሙሉ ዋጋ፣ ስፖርቱን በግማሽ ገዛሁ። እሱም እንደኔው ገዛ። ከዚያም ቤታችን ሄዶ ስለ ወገቤ ለእህቱ ነገራት።

ይኸው በየማለዳው ባለቤቴ እኔንና ወንድሟን ሳሎን አሰልፋ ታዘልለናለች። የኔ ሸክላ እስካሁን አልተከፈተም፤ ማጫወቻው ተይዟል።