የጋሽ አለምነው ግራ ጆሮ

ብርሀንነሽ የጋሽ አለምነውን ሥዕል የጨረሰችው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። በመካነ ሰላም ካሉት የዳቦ ቤትና የፀጉር ቤት ማስታወቂያዎች ግማሹ የእሷ እጅ ያረፈበት ነው፤ ሥጋ ቤቱ በር ላይ የሳለችው በሬማ ከውስጥ ከሚሸጠው ሥጋ የበለጠ ያምራል እያሉ ባለቤቱን የሚያበሽቁት አሉ። ይህኛው ግን ማስታወቂያ አልነበረም። ጋሽ አለምነው አርባ ዓመት ሙሉ በከተማውም በገጠሩም የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዘንድሮ ሰማንያ ሦስት ሞላቸውና “በቃኝ፣ ልረፍ” አሉ። ሕዝቡም ከገበያው በላይ ባሠራው አዲሱ የሽምግልና አዳራሽ ሥዕላቸው እንዲሰቀል ወሰነ። ሼኾቹ ለሽምግልና ሲቀመጡ ሰላት በሚሰግዱበት ክፍል ሥዕል አይሰቀልም ስላሉ በረንዳው ላይ እንዲሆን ተባለ፤ ቄሶቹም ሳያንገራግሩ እሺ አሉ። እንዲህ በቀላሉ መስማማትን ማን እንዳስለመዳቸው ሁሉም ያውቃል።

ለብርሀንነሽ ነገሩ ከዚያም በላይ ነበር። አባቷ መሪጌታ ቢተው ስመ ጥር የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። የመላእክት ክንፍ መቀባት ያስተማሯት ልጃቸው የፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የጎረምሳ ጭንቅላት ስትስል ያዩ ዕለት ከቤት አስወጧት፤ ሦስት ዓመትም አላናገሯትም። ያስታረቋቸው ጋሽ አለምነው ናቸው። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ አንድ ዓመት ከአራት ወር አብረው በሉ፣ አብረው ቀለም በጠበጡ። ከዚያ መሪጌታ ዐረፉ። ያቺን አንድ ዓመት ከአራት ወር የሰጧትን ሰው በምን እንደምታመሰግን ሳታውቅ ከርማ፣ አሁን ብሩሿ ተራውን አገኘ። ሥዕሉ ከተበላሸ ሌላ የምትሰጣቸው ነገር አልነበራትም።

ስለዚህ አባቷ እንዳስተማሯት አድርጋ ሳለቻቸው፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ተመልካቹ ላይ ተክለው።

መጀመሪያ ያየው ጨርቅ ነጋዴው ረመዳን ነው፤ የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ነው። ሥዕሉ ፊት ቆሞ ጢሙን አሻሸ። ረመዳን ጢሙን ካሻሸ ደግሞ ነገር አለ።

“ማሻአላህ፣ እጅሽ አይጥፋ” አለ በመጨረሻ። “ጋቢውን ልነካው ቃጥቶኝ ነበር።”

“እና?”

“እናማ... ጋሼ አይደሉም።”

“አፍንጫቸው ነው?”

“አፍንጫውስ የሳቸው ነው። እንዴት ልበልሽ፣ እኒህ ሰውዬ ሊናገሩ ነው የተቀመጡት። እኔንና አማቼን ያስታረቁን ቀን ጋሼ ስንት ቃል የተናገሩ ይመስልሻል? ወላሂ፣ ዐሥር አይሞላም!”

“ረመዳን፣ ምረቃው እሑድ ነው!”

“አብሽሪ፣ አይዞሽ!” ብሏት ወጣ። አብሽሪ ማለት ለእሱ ቀላል ነው፤ የሚስለው እሱ አይደለ።

ስትናደድ አመሸች። ሲነጋ ግን ወረቀትና እርሳሷን ይዛ ጋሽ አለምነው ቤት ሄደች። ግቢያቸው ውስጥ መደብ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

“እንደገና ልስልዎት ነው፣ ጋሼ። አልሆነልኝም።”

“ሳዪኝ የኔ ልጅ፣ ምን ቸግሮኝ። ፊቴ እንደሆነ የትም አይሄድ።”

ከአጠገባቸው ተቀምጣ እርሳሷን ቀረጸች። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ማውራት ጀመረች። አባቷ በመጨረሻዋ ሳምንት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የእሷን እጅ ይዘው ቀለም እንደቀቡ ነገረቻቸው። ይህን ለሰው ተናግራው አታውቅም። ብዙ ካወራች በኋላ ቀና ስትል ነው ያስተዋለችው። ጋሽ አለምነው ወጣት ሳሉ በመንገድ ሥራ ላይ ድማሚት አጠገባቸው ፈንድቶ ቀኝ ጆሯቸው ደንቁሯል። ስለዚህ ሰው ሲያናግራቸው ግራ ጆሯቸውን አስጠግተው ፊታቸውን ዞር ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውንም መሬት ላይ ይጥላሉ። የሚያናግራቸው ሰው የሚያየው ጆሯቸውን፣ የጉንጫቸውን መስመርና አንድ ዓይናቸውን ብቻ ነው። ከአባቷ ጋር ያስታረቋት ቀንም እንዲህ ነበሩ። ማንም ስላላፈጠጠባት ነበር አፏ የተፈታው።

“አገኘሁት ጋሼ!” ብላ ብድግ አለች፤ ወዲያው ግን ደስታዋ ጠፋ። የአባቷ ትምህርት ትዝ አላት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ የሰማዕታት ገዳይ ነው። ይህን ደግሞ በከተማው ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ ያውቃል።

ስትነግራቸው ጋሽ አለምነው በጎን ከንፈር ከንፈሯን እያዩ ሰሟትና ከትከት ብለው ሳቁ። “ይሁዳ ልታደርጊኝ ነዋ!”

“ሰው ምን ይላል ጋሼ? እርስዎን ላከብር ብዬ ላዋርድዎት ነው።”

ሳቃቸውን አቆሙ። “ቀረብ በይ” አሉ። “ግራውም እየከዳኝ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ብሶበታል። ለማንም አልነገርኩም። ሰው ሆዱን ከፍቶ ሲነግረኝ ግማሹን በግምት መሙላት ጀመርኩ። አንድ ቀን በግምት ፈርጄ ሰው ብበድልስ? ለዚህ ነው በቃኝ ያልኩት።”

ብርሀንነሽ እርሳሷን አስቀመጠች። “አሁን የነገርኩዎትንስ?”

“አባትሽን እንዳነሳሽ አውቄያለሁ። እጅሽን ስትይዢ አይቻለሁ። ቀሪውን አልሰማሁሽም፤ ይቅር በይኝ።” ከዚያ ግራ ጆሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። “ካየሽው፣ ሳይሄድ ሳዪው።”

አራት ቀን ሳለች። ለጋቢው አንድ ሰዓት አልፈጀችም፤ ለጆሮው ሁለት ቀን ሰጠችው፤ እጥፋቱን፣ በእርጅና የረዘመ ጫፉን፣ ከውስጡ ብቅ ያሉትን ነጫጭ ፀጉሮች ሳይቀር።

እሑድ በረንዳው ሞላ። ጋሽ አለምነው ፊት ወንበር ተሰጣቸው። ረመዳን መጋረጃውን ሲስበው የሚጨበጨብ መስሎት እጁን አዘጋጅቶ ነበር፤ አንድም ሰው አላጨበጨበም።

“በአንድ ዓይን?” አለ ከኋላ አቶ በፍቃዱ፤ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፣ ድምፁም ወፍራም ነው። “የመሪጌታ ቢተው ልጅ ይህን አታውቅም ልንል ነው? እኝህን ሰው!”

ጉምጉምታው ተነሳ። ብርሀንነሽ፣ አባቴ ቢኖር እንደገና ከቤት ያስወጣኝ ነበር ብላ አሰበች። ስለ ግራ ጆሯቸው መናገር ደግሞ የሳቸውን ምስጢር ማውጣት ሆነባት። ጋሽ አለምነው ምንም ስላልሰሙ ፈገግ እንዳሉ ናቸው፤ የሰዉን ፊት ሲያዩ ግን ፈገግታቸው ቀስ በቀስ ጠፋ።

ያኔ እትዬ አልታዬ ተነሡ። በመሬት ጉዳይ ከአንድ ልጃቸው ጋር ስድስት ዓመት ተኳርፈው የታረቁ ባልቴት ናቸው። እያነከሱ ሥዕሉ ጋ ደረሱ፣ ከፊቱ አልፈው ወደ ግራው ሄዱ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ እጃቸውን ከአፋቸው ዳር አድርገው በተሳለው ጆሮ አንሾካሾኩ። ረጅም ነገር ነበር። ማንም አልሰማም፤ የሚስቅም አልነበረም። ሲጨርሱ ፊታቸውን ጠርገው ተመለሱ።

“ልጄ ትናንት የልጅ ልጄን አምጥቶ አሳቀፈኝ” አሉ ለአጠገባቸው ሰው። “እሱን ነው የነገርኳቸው። ያስታረቁን ቀንም ተቀምጠው ሲሰሙኝ ልክ እንደዚያ ነበሩ።”

ረመዳን ሁለተኛ ሆነ። ከኋላው ሦስት ሰዎች ተሰለፉ፤ ከዚያ ሰልፉ የበረንዳውን ደረጃ ወረደ። አቶ በፍቃዱ ግራና ቀኙን አየት አየት አድርጎ ባርኔጣውን አወለቀና መጨረሻው ላይ ቆመ።

ጋሽ አለምነው የብርሀንነሽን እጅጌ ሳቡ። “ምንድን ነው የሚሉኝ?”

እንደ ልማዷ ወደ ግራ ጆሯቸው ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ተወችው። ዞራ ከፊታቸው ተንበረከከችና ከንፈሯን እንዲያዩ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ተናገረች።

“ሰምተውናል ነው የሚሉት፣ ጋሼ።”

ጋሽ አለምነው አስተውለው አነበቧት። ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንባ ሞሉ። ብርሀንነሽ እንዲህ ፊት ለፊት ሲያዩዋት ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ እሷም ከተንበረከከችበት ሳትነሳ የአባቷን ነገር እንደገና፣ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ቀስ ብላ ነገረቻቸው።