በስልክ የተዳረች አጥቂ

ንፋስ መውጫ ሰው ማክበር ሲያምራት እንዲህ ናት፤ አሥር ዓመት ዘወር ብላ ሳታይህ ትኖርና፣ አዲስ አበባ ካጨበጨበልህ በኋላ «የእኔ ልጅ» ብላ ባነር ትሰቅልልሃለች። ለማሬ አበጀ የሰቀለችላትም ባነር ሜዳው በር ላይ በነፋስ ይርገፈገፍ ነበር። «የጋይንት ዕንቁ፣ ግራ እግሯ እሳት» ይላል። ፎቶው ላይ የለበሰችው ከሦስት ዓመት በፊት የለቀቀችውን ክለብ ማሊያ ነው። ማን ያጣራል?

ማሬ ለባነሩ አልመጣችም። ጉልበቷ ሁለት ጊዜ ተቀዶ፣ በሠላሳ ዓመቷ ኳስ ካቆመች ገና አራት ወሯ ነው። የመጣችው ለአንድ ሰው ነው። ክንዷ ላይ አጥፋ የያዘችውን፣ ዳር ዳሩ በወርቅማ ክር የተጠለፈ ጥቁር ከፈይ ካባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዳ፣ ቁመቱን በእጇ እያሳየች ያሠራችው ለሙላው ነው። ሕዝብ ፊት ልታለብሰው።

ሙላው የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። ከጥበቃው ሲወጣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሴቶቹን ቡድን ያሠለጥናል። ማሬን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከወንዶች ጋር ስትራገጥ አይቶ የመጀመሪያውን ሸራ ጫማ ያጠለቀላት እሱ ነው። አሥራ ሰባት ሲሞላትም አባቷ ከስማዳ ለመጡ ሽማግሎች እሺ ብለው ነበር፤ ሦስት ቀን ደጃቸው ተቀምጦ፣ «አባ አበጀ፣ ይቺን ልጅ ለባል? እግዜርን አይፈሩም?» እያለ ነገሩን ያፈረሰው ይኸው ሙላው ነው። ማሬ ከዚያ ወዲህ በስሙ ትምላለች። በየቃለ መጠይቁ «ለዚህ ያበቃኝ ጋሽ ሙላው ነው» ስትል የሰማ ሁሉ፣ አባቷ የሞቱ ይመስለው ነበር።

የክብረ በዓሉ ዕለት ጧት፣ ባረፈችበት ሆቴል በረንዳ ላይ ቁርስ ስትበላ አንድ ሽማግሌ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ገብረ መድኅን ይባላሉ፤ ድሮ ለታዳጊ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን አገር ላገር እየዞሩ ተጫዋች ይመለምሉ ነበር። አሁን ጡረተኛ ናቸው፤ ለክብር እንግድነት ተጠርተው ነው የመጡት።

«አወቅሽኝ?»

«በፎቶ አውቅዎታለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔ ግን በአካል ነው የማውቅሽ። መካነ ኢየሱስ፣ የዞኑ ውድድር፣ አሥራ አምስት ዓመትሽ ነው። ዝናብ የመታት ዶሮ ነበር የምትመስይው! ግን ስትሮጪ፣ ወይ ጉድ!» ሳቁና ሻያቸውን ፉት አሉ። «ለመሆኑ ባልሽ ደኅና ነው?»

«የምን ባል?»

«ያኔ ያገባሽው ነዋ! ተፋታችሁ እንዴ?»

ማሬ ሳቀች። «ሰው ተምታታብዎት፤ እኔ እስከዛሬም አላገባሁ።»

«እንዴት ይምታታብኛል? ዘጠኝ ቁጥር፣ የአበጀ ልጅ! ግማሽ ፍጻሜውን አይቼ ተመለስኩ፣ በማግሥቱ ካምፕ አስገቧት ብዬ ራሴ ለአሠልጣኝሽ ደወልኩለት። ‹ስማዳ ተድራለች፣ አይልፉ› አለኝ። ቆጨኝ። በዓመቱ ደግሜ ደወልኩ። ‹ወልዳለች› አለኝ። እንዲያውም እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ ብዬው ነበር። አልነገረሽም?»

ማሬ የጠቀለለችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ።

ለሌላ ነገር ቢሆን ሰውየው ይጠይቁ ነበር። ታማለች ቢሏቸው ሐኪም ይልካሉ፤ አባቷ ከለከሉ ቢሏቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ስለ አንዲት የጋይንት ልጅ «ተድራለች» ሲባል ግን ማንም መልሶ አይጠይቅም፤ ስልኩ ይዘጋል። ሙላው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ የሚያውቀውን ነው የተጠቀመበት።

ያን ክረምት ማሬ ጥሪ ስትጠብቅ ከረመች። ሙላው መጨረሻ ላይ አዝኖ፣ «አይተውሽ ነበር፤ ግራ እግሯ እንጨት ነው አሉ» አላት። ሁለት ዓመት በግራ እግሯ ብቻ የትምህርት ቤቱን አጥር ስትደበድብ ኖረች። እኩዮቿ ካምፕ ገብተው አውሮፕላን ሲሳፈሩ እሷ የአባቷን የገብስ ነዶ ትሸከማለች። አዲስ አበባ የገባችው ሃያ ዓመት ሞልቷት፣ በአክስቷ ልጅ በኩል፣ ለሙከራ ተሰልፋ ነው። የታዳጊው ዕድሜ ካለፈ፣ የወጣቱም ካለፈ በኋላ። ከዚያማ አገባች፣ ሰማንያ አንድ ጎል። የጎደሉት አምስት ዓመታት ግን የእግዜር ሥራ ይመስሏት ነበር።

ሙላው ሜዳው ዳር ድንኳን ውስጥ ነጭ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ተቀምጧል። ስታየው የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሆኗል። ለመሳም ተነሣ፤ አልሳመችውም።

«ጋሼ፣ ገብረ መድኅንን ያውቋቸዋል?»

«የቱ ገብረ መድኅን?»

«ስማዳ የዳሩኝ ጊዜ የደወሉልዎት።»

ሙላው ወደ ድንኳኑ በር አየ። «እሱ ሽማግሌ እስካሁን አልሞተም?»

«እውነት ነው ማለት ነው።»

«ስሚኝ ማሬ፣ ለፍጻሜው ሦስት ቀን ነበር የቀረን። ከጎረቤቶቻችን ከእስቴ ጋር! አንቺን ሰጥቼ በማን ልግባ? በጽጌ? ጽጌ ኳስ ስታይ የምትሸሽ!»

«ከሦስት ቀን በኋላስ? ለምን መልሰው አልደወሉም?»

«ምን ብዬ? ፈታች ልበል? አንዴ አግብታለች ብያለሁ።»

«በዓመቱስ? ወለደች ያሉትስ?»

«ያገባች ሰው አትወልድም?» ካለ በኋላ ራሱም አፈረ፤ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ለመሆኑ አሸነፍን?»

«ማንን?»

«እስቴን።»

ሙላው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዳኛው እኮ የነሱ ሰው ነበር።»

«ግራ እግሯ እንጨት ነው ያለውስ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ስትጠይቂኝ ጊዜ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ደግሞስ ጠቀመሽ እንጂ ጎዳሽ? ያን ሁሉ ጎል በየትኛው እግርሽ ነው ያገባሽው?»

በግራ ነው ያገባችው። ሌባ የሰረቀህን በሬ አርሶበት፣ ከምርቱ አንድ ቁና ሰጥቶህ አመስግነኝ ሲልህ ምን ትለዋለህ?

የመድረክ መሪው ስሟን ጠራ። ወጣች። ከፊት የክብር ወንበሮች ላይ ሹማምንቱና ካህናቱ፣ ከኋላ ተማሪው፣ የባጃጅ ነጂው፣ የገበያው ሰው ሁሉ ቆሟል። ሙላውን ከጎኗ አቆሙት። ካባውን አልዘረጋችውም። ማይክሮፎኑን ተቀበለች።

«አሥራ አምስት ዓመቴ እያለ ብሔራዊ ቡድን ጠርቶኝ ነበር» አለች። «አልሄድኩም። መጠራቴንም የሰማሁት ዛሬ ጧት ነው። ጋሽ ሙላው አግብታለች ብሎ አስቀረኝ። አምስት ዓመት ወሰደብኝ።»

ባነሩ ሲርገፈገፍ ብቻ ይሰማል። የምትፈልገው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ አንድ ሰው «አዬ!» ቢልላት ይበቃት ነበር።

ከኋላ ቢሻው የሚባል ባጃጅ ነጂ ጮኸ። «ታዲያ አንቺን ሰጥቶ የዚያን ዓመቱን ፍጻሜ በእስቴ ያስበላን ኖሯል? ብልጥ!»

አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ እንደ ጎርፍ ወደፊት መጣ፤ ሽማግሎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ተማሪው «ሙላው! ሙላው!» እያለ ያፏጭ ጀመር። ገብረ መድኅንን በዓይኗ ፈለገቻቸው። እሳቸውም ግራ ቀኙን አይተው፣ ሰው ሁሉ ስላጨበጨበ ያጨበጭባሉ።

«አያችሁ አይደል ለጋይንት ያለውን ፍቅር!» አለ የመድረክ መሪው፤ ካባውንም ከክንዷ ላይ ወሰደና ራሱ አለበሰው። ሙላው ስለጎበጠ ካባው መሬት ነካ። ማይክሮፎኑን ተቀበለ፣ እንባውን በካባው ጫፍ ጠረገ። የእውነት እንባ ነው፤ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

«ብትቆጣኝም ልጄ ናት» አለ። «አሁንም ባል ያላችሁ አምጡላት፤ በስልክ ሳይሆን በአካል!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ማሬ ከመድረኩ በጎን ወረደች። የዳነ የመሰላት ጉልበቷ ይወጋታል። አስፋልቱ ዳር የደብረ ታቦር ሚኒባስ ቆሟል፤ ሾፌሩ ወንበሩን አጋድሞ ተኝቷል። መስታወቱን ብትመታው አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«መቼ ነው የምትወጡት?»

«ሲሞላ ነዋ እህቴ። ሰው ደግሞ ሜዳ ነው፤ አንዲት ኳስ ተጫዋች መጥታለች አሉ። አንቺ አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ» አለች።

ገብታ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እግሯንም ባዶው ወንበር ላይ ዘረጋችው። ከሜዳው በድምፅ ማጉያ የሙላው ንግግር እየመጣ ነው፤ ስለ እስቴ ዳኛ እየተናገረ ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ አሥራ አንድ ሰው ይቀራል።